ለተደፋው ወተት የመጣች ጊደር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ሰንበሌጥ በምትባል ደጋ ከተማ አንድ የወተት ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት አዳራሽና አንድ ግቢ ነው። በአንደኛው አዳራሽ ከገበሬው የመጣው ወተት ይመረመርና በትልቅ ታንከር ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ሁለተኛው አዳራሽ ሄዶ ይፈላና በላስቲክ ይታሸጋል። ማለዳ መኪናው ጭኖ ለከተማዋ ትምህርት ቤቶች ያድላል። የሰንበሌጥ ልጆች ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚጠጡት ወተት ከዚያ ቤት የሚወጣ ነው። ብዙዎቹም እናታቸው ጎህ ሲቀድ አልባ የሰጠችው ወተት ዞሮ ሲመጣ ነው የሚጠጡት።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ጥላዬ ይባላሉ። በሁለት ላምና በአንድ ብስክሌት የጀመሩ ሰው ናቸው። ቢዶኑን ከብስክሌቱ ኋላ አስረው በየቤቱ እያደረሱ፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ውሻ እያሯሯጣቸው፣ ያንን ቤት አቆሙት። ደግነታቸውን ማንም አይክድም። ሠራተኛ ሲያገባ ድንኳኑን ያስተክላሉ፣ ሠራተኛ ሲያዝን ቀድመው ይደርሳሉ። ቁጣቸው ግን ለብቻው ነበር። የአቶ ጥላዬ ቁጣ እንደ በረዶ ነው፤ ይወርዳል፣ ያልፋል፣ ሰማዩም ወዲያው ይጠራል። በረዶ ካለፈ በኋላ ማሳው ምን እንደሚመስል ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

ከዓመታት በፊት አበጋዝ የሚባል መካኒካቸው አንድ ጠዋት በገዛ እግሩ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ማቀዝቀዣውን ሳላበራ ሄጃለሁ። ወተቱ የተበላሸው በኔ ነው» አላቸው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አበጋዝ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ በማቀዝቀዣው አዳራሽ ጥፋት ጠፋ። ወተት መበላሸቱንስ አልተወም፤ ጥፋተኛ ግን የለም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ነው ይባላል፣ ሌላ ቀን ገበሬው ሲያመጣውም እንዲያው ነበር ይባላል። አቶ ጥላዬም ዝምታውን እንደ ጤንነት ቆጠሩት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው መቅደላዊት የመጣችው። መቅደላዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የምታጠናው ደግሞ ሰው በሥራ ቦታው እንዴት እንደሚሆን ነው። ምን ያበረታዋል፣ ምን ያስፈራዋል፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ሲያድግ ሌላው ለምን ይወድቃል። ይኼ ደግሞ ይጠናል ወይ እንዳትሉ፤ ይጠናል። አቶ ጥላዬ በደስታ ተቀበሏት።

«ግቢ፣ አጥኚ። እኔ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም» አሏት። «የማቀዝቀዣውን አዳራሽ እዪ፤ አንድም ጥፋት አትሰሚበትም። የማሸጊያው ሰዎች ናቸው ያስቸገሩኝ። በየቀኑ አንድ ነገር አጠፋን ሳይሉ አይውሉም።»

መቅደላዊት ነጭ ጋዎኗን ለብሳ፣ የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ ለብዙ ወራት ከሠራተኛው ጋር ዋለች። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይሸሻት ነበር፤ የባለቤቱ ጆሮ መስላቸው። እሷ ግን ላስቲክ ስትቆጥርላቸው፣ ቢዶን ስታጥብላቸው፣ ምሳቸውንም አብራ ስትበላ ቀስ በቀስ ለመዷት። አንድ ቀንማ የማሸጊያ ማሽኑ ላይ ቆማ የተሳሳተ ነገር ነካችና ወተቱ እንደ ምንጭ ፈልቆ ከራሷ እስከ እግሯ አለበሳት። ያን ዕለት የሳቀ ሁሉ ወዳጇ ሆነ።

ቀስ ብላም አንድ ነገር አስተዋለች። በማሸጊያው አዳራሽ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹ ቆም ብለው ይነጋገራሉ። አንዷ፣ «ትናንት ጫፉን በደንብ አላሸግኩትም» ትላለች። ሌላው፣ «እኔም ሙቀቱን ሳላይ አሳልፌያለሁ» ይላል። አለቃቸው የአቶ ጥላዬን ቁጣ በራሳቸው ላይ የሚቀበሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ይሰሙና «እንዴት እናድርገው?» ይላሉ። ተነጋግረው ያስተካክሉታል። ስለዚህ ከዚያ አዳራሽ ተበላሸ ተብሎ የሚመለስ ወተት ወር በመጣ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። በማቀዝቀዣው አዳራሽ ግን አፍ ሁሉ ዝግ ነው፤ የቤቱ ብልሽት ሁሉ የሚወለደውም እዚያው ነው። ጥፋት ብዙ የሚነገርበት አዳራሽ ብዙ የሚጠፋበት አልነበረም። ጥፋት የማይነገርበት ግን ጥፋቱን ደብቆ ያረባ ነበር።

መቅደላዊት ይህን ጽፋ፣ አመስግና መሄድ ትችል ነበር። ትምህርቷ ያልቅላታል፣ ሰውም አይቀየማትም። እሷ ግን «ለኔስ ይበቃኛል፤ ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብላ አቶ ጥላዬ ቢሮ ገባች።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ጥፋት የለበትም ያሉኝ አዳራሽ ጥፋቱን የሚደብቅ አዳራሽ ነው» አለቻቸው።

«ከማን ነው የሚደብቀው?»

«ከእርስዎ። ይፈሩዎታል።»

አቶ ጥላዬ ከወንበራቸው ተነሱ። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ስም አልናገርም። ስማችሁን አላወጣም ብዬ ነው የሰማኋቸው።»

«ስም የሌለው ነገር ወሬ ነው! ስም ንገሪኝና ጥናትሽን ጨርሺ። አለዚያ በሩ ያው።»

መቅደላዊት ጋዎኗን አወለቀች፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «እስካሁን ስላስጠኑኝ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጥናቱ አይያዝላትምና የዚያን ሁሉ ወር ድካም ውኃ በላው። ሌላ ቦታ ፈልጋ እንደገና ሀ ብላ ጀመረች።

አቶ ጥላዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲብከነከኑ ሰነበቱ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀርቦ ሳለ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ፔርሙስ ላይ አረፈ።

«ደብሪቱ፣ የዚህ ፔርሙስ አበባ ቢጫ አልነበረም እንዴ?» አሉ ባለቤታቸውን።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ያኛው ተሰብሮ ነው። ሌላ ገዛሁ።»

«መቼ?»

«አምና።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ተሰበረ ብለሽ ነዋ!» ድምፃቸው ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። አቶ ጥላዬም የገዛ ድምፃቸው ጆሯቸው ላይ ሲያቃጭል ሰሙት። ፔርሙስ ናት እኮ! በፔርሙስ ምክንያት ሃያ ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት ቁጣቸውን ፈርታ ዓመት ሙሉ ስትደብቃቸው ከረመች። የቀረበላቸውን ምሳ ሳይነኩት ብዙ ተቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ። ንግግር አያውቁበትም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው መሬት መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት። «ካሁን በኋላ ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የነገረኝን ሰው አልቆጣም። እንጀራውንም አልነካም። ቃሌ ነው» አሉ።

ሠራተኛው አጨበጨበ። ማንም ግን አላመነም። ምሳ ላይ አንዱ፣ «ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እኛ እኮ እናውቀዋለን» ሲል ሁሉም ሳቀ። አዳራሹም እንደ ድሮው ዝም አለ።

አሁን ስለ ስንዱ ልንገራችሁ። ስንዱ የማቀዝቀዣው ታንከር ኃላፊ ናት። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ሩቅ አገር ነው፤ ሲልክ ይልካል፣ ሳይልክ ይቀራል። ዓይናቸው የደከመ እናቷንና አንዲት ትንሽ ልጇን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አበጋዝ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ የግቢውን በር የከፈተችለትም እሷ ነበረች፤ ያኔ ፊቱን ያየችውን አልረሳችውም። መቅደላዊት ምን እንደሚያስፈራቸው ስትጠይቅም «እዚህ ቤት ጥፋት አፍ የለውም» ብላ የነገረቻት ስንዱ ናት።

ታንከሩ በየጠዋቱ በኬሚካል ይታጠባል። ኬሚካሉ ኃይለኛ ነው፤ እጅ ይልጣል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ በብዙ ውኃ መለቅለቅ አለበት። አንድ ጠዋት ስንዱ ታንከሩን በኬሚካል አጥባ ሳትጨርስ ጎረቤቷ በር ላይ መጥታ ጠራቻት። «እናትሽ ወድቀዋል!» አለቻት። ስንዱ እየሮጠች ሄደች። እናቷ ደህና ነበሩ፤ ደንግጠው ነው እንጂ አልተጎዱም። አስተኝታቸው ስትመለስ ገበሬው ቢዶኑን አሰልፎ ይጠብቃታል። ልቧ ቤቷ ቀርቷል፣ እጇ ግን የለመደውን ሠራ። ወተቱን ተቀበለች፣ ታንከሩን ሞላች።

ሞልታ ስትጨርስ ቦቲዋን ልታጥብ የውኃውን ጎማ ከማንጠልጠያው አወረደችው። ጎማው ደረቅ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልነካውም።

ስንዱ ጎማውን እንደያዘች ቆመች። ማንም አላያትም። ሌላ ሰውም ሊያውቅ አይችልም። «ከዚህ ሁሉ ወተት ውስጥ ያቺ ትንሽ ኬሚካል ምን ትታወቃለች?» አለች በልቧ። ቀጥሎም «ብትታወቅስ? የምትታወቀው በማን ሆድ ነው?» አለች። ከማሸጊያው አዳራሽ፣ «ስንዱ፣ ልቀቂልን እንጂ! መኪናው እየጠበቀ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። የአበጋዝን ፊት አሰበች። እናቷን አሰበች። ማንም እንዳይከፍተው የቧንቧውን መክፈቻ ነቅላ በእጇ ያዘችና ወደ ግቢው ወጣች።

ቀኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነበር። አቶ ጥላዬ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከሦስት እንግዶች ጋር ቆመዋል። እንግዶቹ ለትምህርት ቤቶቹ ወተት የሚገዛው ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ የሚመጣውን ዓመት ውል ለማን እንደሚሰጡ ሊወስኑ ነው የመጡት። አቶ ጥላዬ «የኛ ቤት ንጽሕናው...» ብለው ገና መጀመራቸው ነበር።

«ጋሼ» አለች ስንዱ።

«ቆይ ስንዱ፣ እንግዳ ይዣለሁ።»

«አይቆይም ጋሼ። ታንከሩን ሳላለቀልቅ ወተት ሞልቼበታለሁ። ኬሚካል አለበት። መደፋት አለበት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከሁለቱም አዳራሽ ሰው እየወጣ በር በሩ ላይ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። አቶ ጥላዬ ፊታቸው ጠቆረ፤ የግንባራቸው ሥር ተገተረ፤ አፋቸው ተከፈተ። የሚያውቋቸው ሁሉ አሁን በረዶው ወረደ ብለው አንገታቸውን ሰበሩ። ኋላ ሲናገሩ፣ «የመጀመሪያው ቃል ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። እንደ አጥንት ነው የዋጥኩት» ብለዋል።

አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ፣ «ወተቱ ሁሉ?» አሉ።

«ሁሉም።»

«እሺ። ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስንዱ።»

መክፈቻውን ከእጇ ተቀበሉና ራሳቸው ወደ አዳራሹ ገቡ። የታንከሩን ማፍሰሻ ከነሙሉ ልብሳቸው ተንበርክከው ከፈቱት። የሰንበሌጥ ወተት ሁሉ ነጭ ጅረት ሆኖ በግቢው አልፎ ወደ ቦይ ወረደ። የሰፈር ውሾች ሊጠጡ ሲሮጡ ሠራተኛው በድንጋይ አባረራቸው። ስንዱ እዚያው ቆማ ታለቅሳለች። የማሸጊያው አዳራሽ አለቃ መጥተው ትከሻዋን አቀፏት።

የመጪው ዓመት ውል ለሌላ ተሰጠ። አቶ ጥላዬ ግን ለገበሬው ወተቱ እንደተሸጠ አድርገው ከፈሉ። የሠራተኛው ደመወዝ እንዳይቋረጥ የሚነዷትን ፒክአፕ ሸጡ፤ ብዙ ወር ሰንበሌጥ ውስጥ በእግራቸው ሲሄዱ ይታዩ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ «በስንዱ ምክንያት» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የማቀዝቀዣው አዳራሽ አፍ አወጣ። መጀመሪያ በቀልድ ነበር፣ ቆይቶ በቁም ነገር ሆነ። አቶ ጥላዬ አበጋዝ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ አበጋዝም ተመለሰና ታንከሩ ውኃ ካልገባበት ወተት እንዳይቀበል የሚያደርግ መቆለፊያ ሠራለት። ዓመት ሲዞር የትምህርት ቤቶቹ ሰዎች ራሳቸው መጡ። «ሁሉም ቤት ይሳሳታል። ጥፋቱን የሚነግረን ቤት ይሻለናል» ብለው ውሉን መለሱ። አቶ ጥላዬም ያን ዕለት ስልክ አንስተው መቅደላዊት ጋ ደወሉ። «ልጄ፣ በሩ ያው ብዬሽ ነበር። አሁንም በሩ ያው፤ ግን ግቢበት» አሏት። እሷም ሌላ ቦታ ጀምራው የነበረውን ጨርሳ፣ የሰንበሌጥን ነገር ለብቻው ልትጽፍ ተመልሳ መጣች።

ይህ ሁሉ ወሬ ከተማውን አዳርሶ ነበር። በተለይ እናቶች ስለዚያች ቀን ሲያነሱ፣ ያ ወተት ያን ጠዋት ትምህርት ቤት ቢደርስ ኖሮ እያሉ፣ ነገሩን ሳይጨርሱ ያማትባሉ። እንግዲህ ወተት አቅራቢ ገበሬዎችና የተማሪ ወላጆች ተመካከሩና አዋጥተው ጊደር ገዙ። የምታምር፣ ግንባረ ቦቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ጊደር። አንገቷ ላይ አደይ አበባ አሰሩላትና በአንድ እሁድ ወደ ፋብሪካው ግቢ ይዘዋት መጡ። ገመዱን የያዙት እማማ ጌጤነሽ ናቸው፤ ፋብሪካው ሲከፈት የመጀመሪያዋን ቢዶን ያስረከቡ አሮጊት፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውም ያንን ወተት የሚጠጡ።

«እኛ ምስጋና ይዘን ነው የመጣነው» አሉ እማማ። «ልጆቻችንን ላተረፈልን ሰው ይህችን ጊደር ልንሰጥ ነው። ጊደሯ አንድ ናት፤ ሰውየው ግን ማን እንደሆነ መንገድ ላይ ስንጨቃጨቅ መጣን። እናንተ ንገሩን።»

አንድ ገበሬ ቀደመ። «ምን ያጨቃጭቃል? ለአጥኚዋ ነው» አለ፤ መቅደላዊትን ማለቱ ነው። «በሽታውን ሳያውቁት መድኃኒት አይገኝም። ሁላችንም ያላየነውን አየች። አይታም ዝም አላለችም፤ ለሰው ስም ስትል የገዛ ድካሟን ጣለች። እሷ ባትናገር ጋሽ ጥላዬ ያን ቃል አይሰጡም ነበር።»

«ተናግራ ሄደች» አለች አንዲት እናት። «መናገር ሥራዋ ነው፤ እንጀራዋ ሌላ ቦታ ነው። ስንዱ ግን የተናገረችው እንጀራዋን አሲይዛ ነው። ማንም ባላያት ነገር! ያን ጠዋት ያቺ ቧንቧ እንድትከፈት ወይም እንድትዘጋ የወሰነችው የማን እጅ ናት?»

«ወተቱን የበከለችውም ያችው እጅ ናት» አለ ሌላው። «ይቅርታ አድርጊልኝ ስንዱ፣ እንደ እህቴ ነሽ። ግን ቤት ያቃጠለ ሰው እሳት ብሎ ስለጮኸ ይሸለማል? ደግሞ የራሷም ልጅ ያንኑ ወተት ነው የምትጠጣው።»

«ልጇን ብቻ ዛሬ አትጠጪ ብላ ዝም ማለት አትችልም ነበር?» አለችው እናቲቱ።

ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «እኔ ለጥላዬ ነው የምለው። እውነትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መናገርም አንድ ነገር ነው። ሥልጣን ያለው ሰው፣ በእንግዳ ፊት ተዋርዶ፣ ሀብቱ ሲፈስ እያየ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሲል ግን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ያን ቀን ተቆጥቶ ቢሆን የዚያን ቀን ወተት ይደፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አፉን አይከፍትም። የሚቀጥለውን ወተት ልጆቻችን ይጠጡት ነበር።»

«አፉን የዘጋውስ ማን ነበር?» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ ቀስ ብሎ። «የጋሼን ደግነት አልክድም፤ አግብቼ የቆምኩት በሳቸው ድንኳን ነው። ግን እሾኹን የተከለ ሰው ስለነቀለ ጊደር ይወስዳል?»

አቶ ጥላዬ አልተቆጡም። «እውነቱን ነው» ብቻ አሉ።

አንዱ፣ «ለሦስቱም ትሁን፣ ተራ በተራ ይለቧት» ሲል እማማ ጌጤነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስጋና በፈረቃ አይታለብም። ጊደርም ብትከፋፈል ሥጋ ትሆናለች እንጂ ላም አትሆንም» አሉ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞሩ። «እስኪ እናንተው ተናገሩ።»

መቅደላዊት፣ «እማማ፣ እኔ ያየሁት ነገር መጽሐፍ ውስጥም አለ። መጽሐፍ ደግሞ ልጅ አያድንም። ስንዱ ትውሰዳት» አለች።

ስንዱ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «እኔ ይቺን ላም ባለብኩ ቁጥር ያ የተደፋው ወተት ነው የሚታየኝ። እንዴት አድርጌ አልባታለሁ? ጋሼ ያን ቃል ባይሰጡን ኖሮ እናገር እንደነበር እንኳ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።» ቀጥላም፣ «ግን እናንተ በደስታ ከሰጣችሁኝ እናቴ ደስ ይላታል» አለች። ሰው ሁሉ በፍቅር ሳቀ።

አቶ ጥላዬ ጊደሯን ግንባሯ ላይ ዳበስ አደረጓት። ከሁለት ላም የተነሱ ሰው ናቸውና ከብት ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። «እኔ ሸልሙኝ አልልም፣ አትሸልሙኝም አልልም» አሉ። «ይህች ልጅ እውነቱን ስትነግረኝ አባረርኳት፤ እሷ ግን አልጠላችኝም። ያቺ ልጅ ቃሌን አመነችው፤ እኔ እንኳ ገና ሳላምነው። ለሁለቱም ባለዕዳ ነኝ። እናንተ ለማን እንደምትሰጡ ግን የናንተ ፍርድ ነው፤ ደስ እያለኝ አያለሁ።»

እማማ ጌጤነሽ ገመዱን እንደያዙ በሦስቱ መካከል ቆመዋል። ጊደሯ የግቢውን ሣር ትነጫለች፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የእማማን እጅ ይመለከታል።

እንግዲህ የሆነውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነግሬያችኋለሁ። አንደኛዋ የተሰወረውን እውነት አገኘች፤ ነግራም ተባረረች። ሁለተኛዋ ራሷ ያጠፋችውን ራሷ አጋለጠች፤ እንጀራዋን ይዛ በእሳት ላይ ተራመደች። ሦስተኛው ራሳቸው የዘሩትን ፍርሃት ራሳቸው ነቀሉት፤ ለሰጡት ቃል ሲሉም ሀብታቸው ሲፈስ ቆመው አዩ። አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ ሁለቱ ሥራ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ገመዱን የሚቀበለው እጅ ግን አንድ ነው። እናንተ በእማማ ጌጤነሽ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጆቻችሁም ከተረፉት መካከል ቢሆኑ፣ ምስጋናችሁን ለማን ትሰጡ ነበር? ጊደሯ የምትገባው ለማን ነው?